ድንኳን በመንኰራኵር ላይ

የሰው ልጅ ድንኳኑን በመንኰራኵር ላይ መጫን የጀመረበትን ዘመን ለመመርመር የሚሻ ሰው፣ ከቅዱሳት መጻሕፍት ጋር ትውውቅ ያለው ከሆነ፣ አስቀድሞ የኦሪት ዘኍልቍን ምዕራፍ 7 መግለጡ አይቀርም፤ በዚያ የእስራኤል አለቆች 6 የተሸፈኑ ሠረገላዎችና 12 በሬዎች ለደብተራ ኦሪት አገልግሎት እንዳቀረቡ፣ ሙሴም መጋረጃውን ለሚጠብቁት ለጌድሶን ልጆች 2 ሠረገላ ከ4 በሬ፣ ሳንቃውንና ምሰሶውን ለሚጠብቁት ለሜራሪ ልጆች ደግሞ 4 ሠረገላ ከ8 በሬ ጋር እንዳከፋፈለ፣ ለቀዓት ልጆች ግን ንዋየ ቅድሳቱን በትከሻቸው ይሸከሙ ዘንድ ስለ ታዘዙ አንዳች እንዳልሰጣቸው ተጽፎ ይገኛል። ሸክሙ እንደ ክብደቱ የተደለደለ ነበር ማለት ነው። ሆኖም በእነዚያ ሠረገላዎች ላይ የተኛ ሰው አልነበረም፤ ድንኳኑ የሚተከለው ከሠረገላው ከወረደ በኋላ በምድር ላይ ነበርና።

ሰውን ከነመኝታው በሠረገላ ላይ ያወጣው መንጋውን ተከትሎ ዘወትር መጓዙ ነው። በ1253 (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር እጠቅሳለሁ) የፈረንሳዩን ንጉሥ የሉዊ 9ኛን ደብዳቤ ይዞ ወደ ሞንጎሎች ምድር የተጓዘው የፍራንሲስካን መነኩሴ ዊልያም ዘሩብሩክ፣ የዚያ አገር ሰዎች ክብ ቤታቸውን ሳያፈርሱ በሠረገላ ላይ ጭነው ሲጓዙ አይቶ በጣም ተደንቋል፤ መደነቅም ብቻ አልበቃውም፣ መንኰራኵሮቹ በምድር ላይ በተዉት ፈለግ መካከል ያለውን ርቀት ራሱ ለክቶ 20 ጫማ፣ ማለት 6 ሜትር ያህል ሆኖ እንዳገኘው፣ ቤቱም በየወገኑ ቢያንስ 5 ጫማ ከመንኰራኵሮቹ አልፎ ይወጣ እንደ ነበር፣ አንዱንም ቤት 11 በሬዎች በፊት 11 በሬዎች በኋላ ተሰልፈው ሲጎትቱት እንደ ቈጠረ ጽፎልናል። ይህ መነኩሴ ከቤቱ ቁመት ይልቅ የመንኰራኵሮቹን ስፋት አስቀድሞ መለካቱ ለእኔ ትልቅ ማስተዋል ነው፤ እነዚያ እረኞች የጂኦሜትሪን መጽሐፍ ሳይገልጡ፣ ከፍ ያለ ነገር የሚሸከም ሠረገላ አስቀድሞ በስፋት መመሥረት እንዳለበት ያውቁ ነበርና። እርግጥ ነው፣ ለጥ ባለው ሜዳ ላይ ስፋት ዋጋ አያስከፍልም። ያንኑ ሠረገላ ሊማሊሞን ላውርድ የሚል ሰው ቢገኝ ግን በመጀመሪያው ጥምዝ ላይ ቤትም በሬም አይተርፈውም።

ስለዚህ መንገዱ ጠባብና ድንጋያማ በሆነበት አገር ሌላ ብልሃት መፈለግ ግድ ሆነ። በ1830ዎቹ ከኬፕ ቅኝ ግዛት ወጥተው ወደ ደቡብ አፍሪቃ መሐል አገር የተሰደዱት ቦየሮች፣ በበሬ በሚጎተተው ሠረገላቸው ውስጥ ካርቴል የሚሉትን መኝታ ያሰናዱ ነበር፤ ይኸውም በአገራችን የጠፍር አልጋ እንደሚሠራው ሁሉ የእንጨት አራት ማዕዘን ተበጅቶ በቆዳ ጠፍር የተወጠረበት ነው። ሣጥኑ፣ እህሉና ሌላው ከባድ ዕቃ በሠረገላው ወለል ላይ ይደረደራል፤ ካርቴሉና በላዩ የሚተኛው ሰው ከዕቃው በላይ ይሆናሉ። ከባዱን ወደ ታች፣ ቀላሉን ወደ ላይ የሚለው ሥርዐት ከዚህ የበለጠ ግልጽ ሆኖ የታየበት ሥራ አላውቅም።

ሞተር ከመጣ በኋላም ሠረገላው፣ በመኪና የሚጎተት ተሳቢ ሆኖ፣ ከጉዞው አልተለየም። በጥቅምት 1924 ከአልጄሪያው ኮሎም ቤሻር ተነሥቶ አፍሪቃን ያቋረጠው፣ በጆርጅ ማሪ ሃርድትና በሉዊ ኦዱዋን ዱብሬይ የተመራው የሲትሮኤን ጉዞ፣ ከኋላ በጎማ ፈንታ ሰንሰለት የተገጠመላቸውን 8 መኪናዎች ከነተሳቢዎቻቸው አሰልፎ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜም የአሜሪካ ሠራዊት ለጂፕ የምትሆን፣ በሁለት ጎማ የምትሄድ፣ ሩብ ቶን የምትጭን ትንሽ ተሳቢ አሠራ፤ ይህችም ከጂፑ ጋር አንድ ዐይነት ጎማ ነበራት፣ በውሃ ላይም ትንሳፈፍ ነበር። ጦርነቱ ሲያልቅ ለሕዝብ ከተሸጠው የጦር ዕቃ መካከል አንዷ እርስዋ ነበረች፤ የዛሬው የጥርጊያና የበረሃ ተሳቢም በቅርጽም በመጠንም የእርስዋ ዘር ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ድንኳኑ ግን በዚህ ጊዜ ሌላ መንገድ ይዞ ነበር። በ1958 ገደማ በኢጣልያ አንድ ፋብሪካ ተጣጥፎ በትንሽ አውቶሞቢል ፖርቶመጋላ ላይ የሚታሰር፣ ሲዘረጋም በመሰላል የሚወጡበት ድንኳን ለገበያ አቀረበ፤ ነገሩ በአውሮፓ ተስፋፍቶ በኋላ በምሥራቅ ጀርመን ከትራባንት መኪና ጣራ ላይ ሳይቀር ታየ። በደቡብ አፍሪቃና በአውስትራልያ ግን ከመዝናኛነት አልፎ የኑሮ ዘዴ ሆነ፤ ምድሩ ጭቃ ወይም እሾህ በሆነበት፣ እባብና ጊንጥ በሚርመሰመስበት፣ የዱር አራዊትም በሌሊት በሚመላለሱበት ስፍራ፣ ከፍ ብሎ መተኛት ለሰውነት ዕረፍት ለልብም ጸጥታ ይሰጣልና።

ይሁን እንጂ ጣራው ሁለት ዕዳ ነበረበት። አንደኛው፣ 60 ኪሎ ያህል የሚመዝነውን ነገር ከመኪናው አካል ሁሉ ከፍ ባለው ስፍራ ላይ መስቀሉ ነው። ሁለተኛው፣ ውሃ ለመቅዳት ወይም ዳቦ ለመግዛት የፈለገ ሰው መኝታውን አጣጥፎ ካልሆነ በቀር መኪናውን ማንቀሳቀስ አለመቻሉ ነው። መንገደኞች ድንኳኑን ከመኪናው ጣራ አውርደው ወደ ተሳቢው ያዛወሩት በእነዚህ ምክንያቶች ነው፤ ተሳቢው በሰፈሩ ይቀራል፣ መኪናው ነጻ ይወጣል፣ ድንኳኑም ዝቅ ይላል። ይልቅስ የሚያስገርመው ከዚህ በኋላ የሆነው ነው፤ ብዙ ተሳቢ ሠሪዎች በድንኳኑ ሥር የወጥ ቤት ሣጥን፣ ብስክሌትና ጀልባ እንዲገባ፣ ወይም ከተዘረጋው ወለል በታች ሰው ቆሞ ልብሱን እንዲለውጥ ሲሉ ረጃጅም የብረት ማቆሚያ እየበየዱ፣ ከመኪናው ጣራ በስንት ድካም የወረደውን ድንኳን ወደ ነበረበት ከፍታ መለሱት።

የዚህን ዋጋ በስሌት ማየት ይቻላል። አንድ ተሳቢ ከነጭነቱ 700 ኪሎ ቢመዝን፣ በግራና በቀኝ ጎማው መካከል 1.50 ሜትር ስፋት ቢኖረው፣ የክብደቱም ማእከል ከመሬት 70 ሳንቲሜትር ላይ ቢያርፍ፣ ወደ ጎን የሚገለበጠው 47 ዲግሪ ያህል ሲያዘነብል ነው፤ ባለ 60 ኪሎ ድንኳን በ1.40 ሜትር ላይ ሲታሰርበት ይህ ልክ ወደ 45፣ በ2 ሜትር ላይ ሲታሰርበት ወደ 43 ይወርዳል። በድምሩ 140 ኪሎ የሚመዝኑ ሁለት ሰዎች ወጥተው ሲተኙበት ደግሞ በ1.40 ሜትር 41፣ በ2 ሜትር 37 ዲግሪ ብቻ ይቀራል። ልዩነቱን ጥቂት ነው ብሎ የሚንቅ ሰው፣ ስሌቱ ተሳቢውን ባሌስትራና ጎማ የሌለው ግትር አካል አድርጎ እንደሚቈጥረው ያስብ፤ በእውነተኛው መንገድ አንዱ ጎማ 40 ሳንቲሜትር በሚያህል ድንጋይ ላይ ሲወጣ ብቻውን 15 ዲግሪ ያህል ያዘነብላል፣ መንገዱ ራሱ በጎን ተዳፋት ከሆነ ያ ይጨመርበታል፣ ባሌስትራው ወደ ዝቅተኛው ወገን ሲተኛና ተሳቢው ሲወዛወዝ ደግሞ የቀረው ተስፋ በቅጽበት ያልቃል። የአሜሪካ መንግሥት የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ከ2001 ሞዴል ጀምሮ ለመኪናዎች የመገልበጥ ደረጃ ሲሰጥ የሚጠቀምበት መለኪያ ይኸው ነው፤ በግራና በቀኝ ጎማዎች መካከል ያለውን ስፋት እኩሌታ ለክብደቱ ማእከል ከፍታ ማካፈል፤ ሩብሩክ በሜዳ ላይ የለካው ከእነዚህ ሁለት ቍጥሮች የመጀመሪያውን ነው።

ከፍታው ተሳቢው በቆመበትም ጊዜ ዝም አይልም። ተጣጥፎ የሚዘረጋው ድንኳን ወለሉ እኩሌታው ከተሳቢው ውጭ የሚንጠለጠል በመሆኑ፣ መሰላሉ መወጣጫ ብቻ ሳይሆን የቤቱ ምሰሶም ነው፤ ከተኙት ሰዎች ክብደት ከፊሉ የሚያርፈው በእርሱ ላይ ነውና። ድንኳኑ ከመሰላሉ ልክ በላይ ከፍ ብሎ ከታሰረ መሰላሉ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ወይም ከነጭራሹ መሬት አይነካም፤ ያን ጊዜ ድንጋይ ከሥሩ መደርደር የሚጀምር ሰው በሌሊት ለሽንት ሲወርድ ምን እንደሚያገኘው መናገር አያስፈልግም። ማረፊያ እግሮቹ ሳይወርዱ ወደ ተንጠለጠለው ወገን መውጣትም እንዲሁ ክልክል ነው።

ከደቡብ አፍሪቃና ከአውስትራልያ ሠሪዎች አንዳንዶቹ ለዚህ ያገኙት መፍትሔ፣ በጉዞ ጊዜ ዝቅ ብሎ በሰፈር ጊዜ ከፍ የሚል፣ በካስማ የሚቈለፍ ማቆሚያ ነው፤ እኔም ከሁሉ የሚሻለው ይህ ይመስለኛል፣ ካስማው ካልላላ። ይህን ለማሠራት አቅም የሌለው ግን ለምቾት ሲል ቍመትን አይምረጥ። ተሳቢ ለማሠራት ወደ ብረት ሠራተኛ የምትሄድ አንባቢ ሆይ፣ የውሃውንና የነዳጁን ዕቃ በጎማዎቹ መካከል ወለሉን አስጠግተህ አስቀምጥ፤ የተጣጠፈው ድንኳን ጫፍ ከሚጎትተው መኪና ጣራ እንዳያልፍ አድርግ፤ የተሳቢው ክዳንና በሮቹ እስከ ተከፈቱ ድረስም ከዚያ ዝቅ ማለት በቻልከው መጠን ዝቅ አድርገው። መሰላሉንም ከነድንኳኑ ይዘህ ሄደህ፣ ብየዳው ሳይጀመር በዚያው በግቢው ውስጥ ዘርግተህ ለካ።