ከስብሰባው በኋላ የቀሩት ሴቶች

«ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለውን ተረት ያልሰማ ከመካከላችን የለም። ብዙዎቻችን ሰምተን አልፈነዋል፤ አንዳንዶቻችንም ስቀንበታል። ልብ ብለን ስናየው ግን ተረቱ ሴት አታውቅም አይልም። ታውቃለች ነው የሚለው፤ ዕውቀቷ ግን በሌላ እጅ ካልጸደቀ ዋጋ የለውም ነው ነገሩ። ዕውቀትን መካድ አንድ ነገር ነው፤ ዕውቀቱን ተቀብሎ ባለቤቲቱን ከደጅ ማስቀረት ደግሞ ሌላ። ዛሬ የምንመለከተው ታሪክ የዚህ የሁለተኛው ዓይነት ነው። የተፈጸመው በአገራችን አይደለም፤ በአሜሪካ ነው። ሰዎቹም የሂሳብ ሰዎች ናቸው። ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ጽፈናል።

ሂሳብን የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። ሂሳብ አድልዎ የማያውቅ ትምህርት ነው ይባላል። ማረጋገጫው ልክ ከሆነ ልክ ነው፤ የጻፈው ገበሬም ይሁን ንጉሥ፣ ሴትም ትሁን ወንድ፣ ለውጥ የለውም። ይህ እውነት ነው፤ ትምህርቱስ አያዳላም። የሚያዳላው ትምህርቱን በእጁ ያደረገው ተቋም ነው። ታዲያ እዚህ አድልዎ ከተገኘ ሌላው ቦታ ምን ሊመስል ነው?

ኤሚ ኖተርን እንውሰድ። በ1915 ታላቁ የሂሳብ ሊቅ ዳቪድ ሂልበርት ወደ ጌቲንገን ዩኒቨርሲቲ አስመጣት። ችሎታዋን የተጠራጠረ አልነበረም ማለት ይቻላል፤ ሆኖም ሴት በመሆኗ ብቻ የማስተማር ፈቃድ ተከለከለች። ስለዚህ ለዓመታት ያስተማረችው በሂልበርት ስም ነው። በማስታወቂያው ላይ ትምህርቱ የእሱ፣ ድካሙ ግን የእሷ! ፈቃዱን ያገኘችው በ1919 ነው። የዘመናዊው አልጀብራ መሠረት ከጣሉት አንዷ ናት፤ በፊዚክስም በስሟ የሚጠራ ትልቅ ቲዎረም አለ። እንዲያም ሆኖ ጌቲንገን ሙሉ ፕሮፌሰር ሳያደርጋት ቀረ። በ1933 ናዚዎች አይሁዳዊት ናት ብለው አባረሯት፤ አሜሪካ ሄዳ በብሪን ማወር የሴቶች ኮሌጅ ስታስተምር ቆይታ በ1935 በ53 ዓመቷ አረፈች።

«ይህ እኮ የጥንት ነገር ነው፤ ዘመን ሲሠለጥን ሁሉም በራሱ ጊዜ ይስተካከላል» የሚል ይኖራል። ይህ አባባል ጆሮ ደስ ያሰኛል፤ ታሪክ ግን አይደግፈውም። በአሜሪካ ከ1940 በፊት 228 ሴቶች በሂሳብ ዶክትሬት አግኝተው ነበር፤ ይህም በዚያ ዘመን ከተሰጠው የሂሳብ ዶክትሬት 14 ከመቶ ገደማ ነው። በ1950ዎቹ ይህ ድርሻ ወደ 5 ከመቶ ገደማ ወረደ። ልብ በሉ፤ ወጣ አላልንም፣ ወረደ ነው ያልነው። ጦርነቱ ሲያበቃ የተመለሰው ወታደር በመንግሥት ገንዘብ ዩኒቨርሲቲውን ሞላው፤ ሴቲቱ ወደ ማጀት እንድትመለስ ከየአቅጣጫው ተሰበከላት፤ ባልና ሚስት በአንድ ክፍል አይቀጠሩም የሚል ደንብም በየዩኒቨርሲቲው ነበር። ደንቡ ሲታይ ለሁለቱም እኩል ይመስላል። ሥራ ላይ ሲውል ግን ደጅ የሚቀረው ማን እንደሆነ መናገር አያስፈልግም።

ጁሊያ ሮቢንሰን የዚህ ደንብ ምስክር ናት። በ1941 በበርክሌይ የሚያስተምረውን የሂሳብ ሊቅ ራፋኤል ሮቢንሰንን ስታገባ የሂሳብ ክፍሉ በር ተዘጋባት። ያለ ቋሚ ቦታ ለብዙ ዓመታት ስትሠራ ኖረች። የሂልበርት አሥረኛ ጥያቄ የሚባለው ከባድ ችግር በ1970 በሶቪየቱ ወጣት በዩሪ ማቲያሴቪች እጅ ሲፈታ፣ መፍትሔው የቆመው እሷና ባልደረቦቿ በጣሉት መሠረት ላይ ነበር። ዩኒቨርሲቲዋ ፕሮፌሰር ያደረጋት በ1976፣ የአገሪቱ የሳይንስ አካዳሚ ከመረጣት በኋላ ነው። በዚያን ጊዜ 56 ዓመት ሆኗት ነበር። እንግዲህ ዘመን በራሱ የሚያስተካክለው ነገር እንደሌለ ከዚህ ይታያል። ዘመንን የሚገፋው ሰው ነው።

የገፉት እነማን ናቸው? አንቱ የተባሉ ሽማግሌ ፕሮፌሰሮች አይደሉም። በጃንዋሪ 1971 የአሜሪካ የሂሳብ ሰዎች ዓመታዊ ጉባኤያቸውን በአትላንቲክ ሲቲ ከተማ አደረጉ። ጊዜው የቬትናም ጦርነት ጊዜ ነው፤ ወጣቱ ምሁር ተነሥቷል። በሂሳብ ሰዎችም መካከል ስለ ጦርነቱና ስለ ምሁሩ ማኅበራዊ ኃላፊነት የሚሟገት የተራማጆች ቡድን ተቋቁሞ ነበር። ይህ ቡድን በጉባኤው ላይ ስብሰባ ጠራ። ስብሰባው ላይ የቴምፕል ዩኒቨርሲቲ ኢንስትራክተር የነበረችው ጆአን ዳርከን አንድ ሐሳብ አቀረበች፤ ያሉት ሴቶች ይቅሩና የራሳቸውን ነገር ይነጋገሩ አለች። ቀሩ። ቀርተው እንደነበር በስም የታወቁት ስድስት ናቸው፤ ራሷ ዳርከን፣ እንደሷው ኢንስትራክተር የነበረችው ዳያን ሌይሰን፣ ገና የድኅረ ምረቃ ተማሪ የነበረችው ጁዲ ግሪን፣ አኒ ሴልደን፣ ከኒውዚላንድ ለጉብኝት የመጣችው ግሎሪያ ኦሊቭ፣ እና ዶክትሬቷን ከያዘች ሰባት ዓመት ያልሞላት ሜሪ ግሬይ።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል። የተሰበሰበው ቡድን ተራማጅ ነው፤ ስለ ጭቁን ሕዝብ ይናገራል፤ ግፍን ይቃወማል። እንዲህም ሆኖ የሴቶቹ ጥያቄ ሊነሣ የቻለው ሴቶቹ ለብቻቸው ሲቀሩ ነው። ይህን የምንለው ተራማጆችን ለማማት አይደለም። ትልቁ ትግል ትንሹን በራሱ ይፈታዋል የሚለው እምነት የት ላይ እንደሚያነክስ ለማሳየት ነው። «መጀመሪያ ዋናው ጥያቄ» ሲባል የሴቷ ተራ ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ነው፤ መጨረሻው ደግሞ አይደርስም።

ቀጥሎ የሆነው ደግሞ ያስቃል። ሜሪ ግሬይ በፌብሩዋሪ 1971 በአሜሪካ የሂሳብ ማኅበር መጽሔት ላይ ማስታወቂያ አወጣች፤ ገና በቅጡ ላልተቋቋመ ማኅበር! በሜይም የመጀመሪያውን ዜና መጽሔት ጽፋ አሠራጨች። ጽሕፈት ቤት የለም፣ ገንዘብ የለም፣ ፊርማና ማኅተም የለም። ስሙ መጀመሪያ «የሴት የሂሳብ ሊቃውንት ማኅበር» ነበር፤ ወዲያው «የሴቶች በሂሳብ ማኅበር» ተባለ። ለውጡ ትንሽ ይመስላል፤ ቁም ነገር ግን አለው። የፊተኛው ስም የደረሱትን ብቻ ይጠራል፤ የኋለኛው ገና በመንገድ ላይ ያለችውን ተማሪና የሚደግፋትን ወንድ ጭምር ያቅፋል።

የጠየቁት ምን ነበር? ምጽዋት አልጠየቁም። ለድኅረ ምረቃ ትምህርት ሲገባ እኩል መታየት፣ ለእኩል ሥራ እኩል ደመወዝ፣ በቅጥርና በዕድገት፣ በምርምር ገንዘብና በሙያ ማኅበራት ሹመት እኩል መመዘን፤ ይኸው ነው። ይህንንም ያለ ድፍረት የሚሰጥ አልነበረም። ሜሪ ግሬይ አንድ ቀን የሂሳብ ማኅበሩ ምክር ቤት ሲሰበሰብ ገብታ ተቀመጠች። ውጪ ተባለች። የምክር ቤቱ ስብሰባ ዝግ ነው የሚል በደንቡ ውስጥ የት እንዳለ ጠየቀች። በደንቡ ውስጥስ የለም፤ በጨዋ ወንዶች መካከል ያለ ስምምነት ነው ተባለች። እኔ ጨዋ ወንድ አይደለሁማ ብላ ከተቀመጠችበት ሳትነሣ ቀረች። ከዚያ ወዲህ የምክር ቤቱ ስብሰባ ለታዛቢ ክፍት ሆነ። ስንት በር ነው እንዲህ ባልተጻፈ ስምምነት ተዘግቶ የሚኖረው? ገፍቶት ያየ ሰው ስለሌለ ብቻ የተቆለፈ የሚመስለንስ ስንት ነው?

ጊዜውም ረዳቸው። በ1972 የሥራ አድልዎን የሚከለክለው ሕግ ዩኒቨርሲቲዎችንም እንዲይዝ ተደረገ፤ በዚያው ዓመት በጁን የመንግሥት ገንዘብ በሚቀበል ትምህርት ቤት በጾታ ማዳላትን የሚከለክለው ሕግ ወጣ። ሕግ ግን ወረቀት ነው፤ የሚያስፈጽመው ሰው ይፈልጋል። ሜሪ ግሬይ ይህን ስላወቀች ፕሮፌሰር ሆና ሳለ እንደገና ተማሪ ሆነች፤ በ1979 በሕግ ተመረቀች። በ1976 የሂሳብ ማኅበሩ ምክትል ፕሬዚዳንት ሆና ተመረጠች። ከእሷ በፊት በዚያ ወንበር የተቀመጠችው ሴት ሻርሎት ስኮት ነበረች፤ ያውም በ1906። በሁለቱ መካከል 70 ዓመት አለፈ ማለት ነው። በ1888 የተመሠረተው ማኅበር የመጀመሪያዋን ሴት ፕሬዚዳንት ያየው ደግሞ በ1983 ነው፤ እሷም ያቺው ከሂሳብ ክፍሉ ደጅ የቀረችው ጁሊያ ሮቢንሰን ናት። በ1980 ሴቶቹ በኤሚ ኖተር ስም ዓመታዊ ንግግር አቋቋሙ። በሰው ስም ታስተምር የነበረችው ሴት በስሟ የሚነገርበት መድረክ አገኘች።

ታሪኩን አሳምረን ብቻ ብንተወው ግን ሐሰት ይሆንብናል። «ሴቶች» ሲባል ሁሉም ሴት እኩል ደጅ አልቀረችም። ቪቪየን ማሎን ሜይስ ጥቁር አሜሪካዊት ነበረች። ቤይለር ዩኒቨርሲቲ በ1961 በቀለሟ ምክንያት አልቀበልም አላት፤ በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲም አንድ ስመ ጥር ፕሮፌሰር ጥቁር ተማሪ ወደ ክፍሉ አያስገባም ነበር። በ1966 ዶክትሬቷን ያዘች፤ በዚያው ዓመት ያው ቤይለር የመጀመሪያዋ ጥቁር መምህርት አድርጎ ቀጠራት። በኋላም በሴቶቹ ማኅበር ሥራ አስፈጻሚ ውስጥ የመጀመሪያዋ ጥቁር ተመራጭ ሆነች። የእሷ ቀንበር ድርብ ነበር፤ አንዱን ሲያነሡላት ሌላው ጫንቃዋ ላይ ይቀራል። አንዱን ጭቆና የተቃወመ ሁሉ ሌላውን ያያል ማለት እንዳልሆነ ሁለተኛ ጊዜ ተማርን።

ዛሬ በአሜሪካ ሴቶች ከሂሳብ ዶክትሬት 30 ከመቶ ገደማ ይወስዳሉ። ከ1936 ጀምሮ የሚሰጠው የፊልድስ ሜዳልያ ለመጀመሪያ ጊዜ ሴት እጅ የገባው በ2014 ነው፤ ኢራናዊቷ ማርያም ሚርዛኻኒ ወሰደችው። ሁለተኛዋ በ2022 የዩክሬኗ ማሪና ቪያዞቭስካ ናት። መንገዱ ተጀመረ እንጂ አላለቀም። በአትላንቲክ ሲቲ ከቀሩት አንዷ የነበረችው ጁዲ ግሪንም በ2009 ከባልደረባዋ ከጂን ላዱክ ጋር አንድ መጽሐፍ አወጣች። ከላይ የጠቀስናቸውን 228 ሴቶች አንድ በአንድ ፈልገው በስም የመዘገቡት እነሱ ናቸው። እነዚያ ሴቶች ባይጻፉ ኖሮ «ሴት በሂሳብ ዱሮም አልነበረችም» የሚለው ሰው ማን ያሳፍረው ነበር?

ወደ ራሳችን እንመለስ። ክፍላችን ስንገባ ከፊት ወንበር ያሉትን እንቁጠር። በየማኅበራችን ሴቷ ብዙ ጊዜ ቃለ ጉባኤ ያዢ ናት፤ በዓል ሲመጣ ደግሞ ቡና አፍዪ። ሐሳብ ስታቀርብ ዝም ይባልና ያንኑ ሐሳብ ወንድ ሲደግመው ይጨበጨባል። ይህ ደንብ ሆኖ የትም አልተጻፈም፤ ስለዚህ የሚሰርዝ ባለሥልጣን አንጠብቅ። እነዚያ ሴቶች ኢንስትራክተርና ተማሪ ሆነው፣ የነገ እንጀራቸው በአለቆቻቸው እጅ እያለ ነው የጀመሩት። «እስቲ መጀመሪያ ተመርቀን፣ እስቲ መጀመሪያ ቦታ ይዘን» ብለው ቢሆን ኖሮ፣ ቦታ ሲይዙ ቦታው ዝም ያሰኛቸው ነበር።

የሚቀጥለው ስብሰባችን ሲያልቅ ሁላችንም ወደ ካፌው ከመሮጣችን በፊት አንዷ «ሴቶቹ እንቅር» ትበል። እኛ ወንዶቹ ደግሞ ወጥተን በሩን ስንዘጋ እንዳናሾፍ፤ ሲጠሩንም ተመልሰን ለመስማት እንዘጋጅ። ለመጀመር ስድስት ሰው በቂ እንደሆነ ታሪክ አሳይቶናል።