የጥቁሩ ሳጥን ታሪክ

ለዛሬ ቀለል ያለ ወግ አዘጋጅተን ነበር። አንድ የስልክ ጥሪ መጣና ሐሳባችንን አስቀየረን።

ከመካከላችን የአንዷ አክስት የሚኖሩት አሜሪካ ነው። የ14 ዓመት ልጃቸው ከክፍሏ መውጣት ካቆመች ወራት ሆኗታል። እህል አስጠልቷታል፣ ጓደኞቿን ዘግታለች፣ ጠዋት ጠዋት ከአልጋዋ የሚያስነሳት ጠፍቷል። ቤተሰቡ በመጀመሪያ “ጉርምስና ነው” አለ። ቀጥሎ “ዓይን በልቷት ነው” ተባለ። በመጨረሻ ሐኪም አያትና ክኒን አዘዘላት። ከክኒኑ ጋር በመጣው ወረቀት ራስ ላይ በጥቁር መስመር የታጠረ ሳጥን አለ። በውስጡ፣ መድኃኒቱ በልጆችና በወጣቶች ላይ ራስን የማጥፋት ሐሳብን ሊጨምር እንደሚችል ተጽፏል።

“እናንተ ልጆች፣ ጋዜጠኝነት አይደል የተማራችሁት?” አሉን በስልክ፣ “እስቲ ይሄን አስረዱኝ። ልጄን ሊያድኑልኝ ነው ሊገድሉብኝ?”

ሐኪም አይደለንም፤ ይውሰዱ አይውሰዱ ማለት አንችልም። ሳጥኑ እዚያ ወረቀት ላይ እንዴት እንደወጣ መንገር ግን እንችላለን። እንዲያውም ታሪኩ ከሕክምና ይልቅ የእኛን ሙያ ይመስላል፤ ብዙው ነገር የዞረው በአንድ ቃል ዙሪያ ነውና። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ስለ ቃል ካነሳን አይቀር፣ የእኛም ቃል አስቸጋሪ ነው። ታክሲ ሲጠፋ “ደበረኝ” እንላለን፤ ፊልሙ ሲረዝም “ይደብራል” እንላለን። ታዲያ አንዲት ልጅ “ደብሮኛል” ብትል ማን ከቁም ነገር ይቆጥርላታል? የአእምሮ ሐኪሞች ለሕመሙ “ድባቴ” የሚለውን ቃል የሚመርጡት ወደው አይመስለንም። እኛም ከዚህ በኋላ እሱን እንጠቀማለን።

ፈረንጆቹም ቢሆኑ የልጆችን ድባቴ ያመኑት ዘግይተው ነው። የፍሮይድ ተከታዮች ለረጅም ጊዜ ልጅ ድባቴ ሊይዘው አይችልም ይሉ ነበር፤ ራስን የሚወቅሰው የአእምሮ ክፍል ገና አልበሰለም በሚል። የአዋቂዎቹ መድኃኒት ግን ቀድሞ መጥቷል። ስዊዘርላንዳዊው ሐኪም ሮላንድ ኩን የኢሚፕራሚንን ፀረ-ድባቴነት ይፋ ያደረገው በ1957 ነው። በ1980 የወጣው የአሜሪካ የአእምሮ ሕመሞች መለያ መጽሐፍ የአዋቂውን መስፈርት ለልጅም አዋለው፤ የአዋቂው ክኒንም ተከተለ። ችግሩ፣ ኢሚፕራሚንና ዘመዶቹ ልጆች ላይ አልሠሩም። በ1995 የ12 ሙከራዎች ውጤት ተደምሮ ሲታይ መድኃኒት ከሌለበት ማስመሰያ ክኒን ያን ያህል አይሻሉም ነበር። ዘመዳቸው ዴሲፕራሚን ደግሞ በ1990 ከወጡ የድንገተኛ ሞት ሪፖርቶች ጋር ስሙ ተነሥቷል።

ስለዚህ ሁሉም ዓይኑን የጣለው በ1987 መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ በተፈቀደው በፕሮዛክ (ፍሉኦክሴቲን) እና እሱን ተከትለው በመጡት አዳዲስ ክኒኖች ላይ ነበር። በ1997 ግራሃም ኤምስሊ የተባለ ሐኪምና ባልደረቦቹ 96 ልጆችን አጥንተው ፕሮዛክ ከወሰዱት 56 ከመቶው፣ ማስመሰያውን ከወሰዱት 33 ከመቶው በደንብ እንደተሻላቸው ጻፉ። ልብ በሉ፣ ባዶ ክኒን የዋጠው ሲሶም ተሽሎታል። (ይህን ቁጥር አቆዩልን።) ፕሮዛክ በዚህና በሌላ ሙከራ መነሻነት በ2003 መጀመሪያ ለ8 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑ ልጆች ተፈቀደ።

አሁን ወደ ዋናው ታሪክ እንግባ። “ጥናት 329” ይባላል።

በ1994 ስሚዝክላይን ቢቻም የተባለው ኩባንያ (በኋላ ተዋሕዶ ግላክሶስሚዝክላይን የሆነው) ፓክሲል የተሰኘውን መድኃኒቱን በልጆች ላይ መሞከር ጀመረ። እንግሊዞች ሴሮክሳት ይሉታል፤ የኬሚካል ስሙ ፓሮክሴቲን ነው። በአሜሪካና በካናዳ 275 ወጣቶች፣ ከ12 እስከ 18 ዓመት የሆኑ፣ በዕጣ ሦስት ቦታ ተከፈሉ። 93ቱ ፓክሲል፣ 95ቱ ኢሚፕራሚን፣ 87ቱ ማስመሰያ ክኒን ወሰዱ። ስምንት ሳምንት ተጠበቀ። ውጤቱ ሲመጣ ፓክሲል አስቀድሞ በእቅዱ ከተጻፉት 8 መለኪያዎች በአንዱም ከማስመሰያው በግልጽ አልበለጠም።

ይሄ በራሱ ነውር አይደለም። መድኃኒት ይሞከራል፣ ይወድቃል። ነውሩ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። በ1998 የተጻፈ የኩባንያው የውስጥ ማስታወሻ፣ መድኃኒቱ በልጆች ላይ አለመሥራቱን መግለጽ ለንግዱ ተቀባይነት እንደሌለው ያትታል። በጁላይ 2001 ጥናቱ በአሜሪካ የልጆችና የወጣቶች የአእምሮ ሕክምና አካዳሚ መጽሔት ላይ ታተመ፤ ድምዳሜውም “መድኃኒቱ ይሠራል፣ ልጆቹም በደንብ ይችሉታል” የሚል ነበር። እንዴት? የወደቁትን መለኪያዎች ወደ ጎን አድርጎ አዳዲሶችን ወደፊት በማምጣት። በጸሐፊነት የብራውን ዩኒቨርሲቲው ማርቲን ኬለርና 21 ሌሎች ሰዎች ስማቸው ሰፍሯል። የመጀመሪያውን ረቂቅ የጻፈችው ግን ኩባንያው የከፈለው የጽሑፍ ድርጅት ባልደረባ ነበረች። እኛ የመመረቂያ ጽሑፋችንን እንደዚህ ብናስጽፍ ኖሮ እስከ ዛሬም አንመረቅም ነበር! ለኩባንያው ሻጮች የተላከው ደብዳቤ ደግሞ ውጤቱን “አስደናቂ” ብሎታል።

ቃሉ የተደበቀው እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ነው። ፓክሲል ከወሰዱት ውስጥ 11 ልጆች ከባድ ችግር እንደደረሰባቸው በጽሑፉ ሰፍሯል፤ ማስመሰያውን ከወሰዱት 2 ብቻ። ከ11ዱ 5ቱ “የስሜት መዋዠቅ” በሚል ተመዝግበዋል። የስሜት መዋዠቅ! ማን ያልዋዠቀ አለ? ፈተና ሲደርስ እንዋዥቃለን፣ የደመወዝ ቀን ሲዘገይ እንዋዥቃለን። እዚህ ግን በቃሉ ሥር የተቀመጡት ራሳቸውን ስለማጥፋት ያሰቡ፣ ለመግደል ወይም ለመጉዳት የሞከሩ ልጆች ነበሩ። ከ11ዱ ችግሮች መካከል ከመድኃኒቱ ጋር ተያያዥ ነው ተብሎ የተጻፈው ደግሞ የአንድ ልጅ ራስ ምታት ብቻ ነው። ጽሑፉ በሙያው ባለቤቶች ተገምግሞ አልፎ፣ ሐኪሞችም አምነውት ማዘዛቸውን ቀጠሉ።

ቀዳዳው የተከፈተው ከተለያየ አቅጣጫ ነው። በ2002 የቢቢሲዋ ጋዜጠኛ ሼሊ ጆፍሪ በፓኖራማ ፕሮግራም ላይ ስለ ሴሮክሳት ዘገባ ሠራች፤ ከዚያም በኋላ ጉዳዩን ለዓመታት አልለቀቀችም። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ የኤፍዲኤ (የምግብና መድኃኒት አስተዳደሩ) ሐኪም አንድሩ ሞሾልደር የኩባንያውን ሰነድ ሲያገላብጥ ይህ “መዋዠቅ” የሚባል ነገር ጎረበጠው። መሥሪያ ቤቱም ኩባንያውን ማብራሪያ ጠየቀ። በ2003 መረጃው ለእንግሊዝ ተቆጣጣሪዎች ደረሰ፤ በጁን ወር ሴሮክሳት ከ18 ዓመት በታች ላሉ ድባቴ ላለባቸው ልጆች እንዳይሰጥ አሉ። በዲሴምበር ከፕሮዛክ በስተቀር ለቀሩትም የዚያ ቤተሰብ ክኒኖች ተመሳሳይ ምክር ወጣ።

አሜሪካኖቹ ዘገዩ። ሞሾልደር መረጃውን ደምሮ አደጋው በግምት እጥፍ እንደሚሆን ቢደርስበትም በፌብሩዋሪ 2004 በተጠራው የባለሙያዎች ስብሰባ ላይ እንዲያቀርበው አለቆቹ አልፈቀዱለትም። ወሬው በዋዜማው በሳን ፍራንሲስኮ ክሮኒክል ጋዜጣ ላይ ወጣ። በስብሰባው ልጆቻቸውን ያጡ ወላጆች ተራ በተራ ቆመው ተናገሩ፤ በመድኃኒቱ ልጆቻችን ዳኑ ያሉም ነበሩ።

ለአለቆቹ ፍትሕ ለመስጠት ያህል፣ ምክንያታቸው ከንቱ አልነበረም። በኩባንያዎቹ መዝገብ ራሷን በጥፊ የመታች ልጅም “ራስን የመግደል ሙከራ” ተብላ ተመዝግባ ነበር። ቃል በአንድ በኩል ይደብቃል፣ በሌላ በኩል ያጋንናል ማለት ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ታሪክ የትኛው ልጅ የትኛውን ክኒን እንደወሰደ ለማያውቁ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የተሰባሰቡ ባለሙያዎች ተሰጥቶ እንደገና ተለየ። ብዙ ወራት ፈጀ። 24 ሙከራዎች፣ ከ4,400 በላይ ልጆች ተደመሩ። ውጤቱ ሞሾልደር ካለው ብዙም አልራቀም፤ መድኃኒቱን ከወሰዱት 4 ከመቶ፣ ማስመሰያውን ከወሰዱት 2 ከመቶ ራስን ወደማጥፋት ያመራ ሐሳብ ወይም ድርጊት ታይቶባቸዋል። በእነዚህ ሙከራዎች ውስጥ ሕይወቱን ያጠፋ ልጅ ግን አንድም አልነበረም።

የአማካሪዎቹ ድምፅ 15 ለ 8 ተከፈለ። በኦክቶበር 2004 ኤፍዲኤ በሁሉም ፀረ-ድባቴ መድኃኒቶች ላይ ጥቁሩን ሳጥን አዘዘ፤ በ2007 ማስጠንቀቂያው እስከ 24 ዓመት ላሉ ወጣቶች ተዘረጋ። አክስታችን የያዙት ሳጥን ይሄ ነው።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ለእኛም ይቀለን ነበር፤ ክፉ ኩባንያ፣ ጎበዝ ጋዜጠኛ፣ ፍርድ። ፍርዱማ መጥቷል። የኒውዮርክ ዋና ዐቃቤ ሕግ ኤልየት ስፒትዘር በ2004 ኩባንያውን ከሰሰ፤ ኩባንያው ጥፋቱን ሳያምን 2.5 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ የሙከራ ውጤቶቹን በኢንተርኔት ሊያወጣ ተስማማ። በ2012 ፓክሲልን ለልጆች በማስተዋወቅና በሌሎች ጥፋቶች ወንጀሉን አምኖ በአጠቃላይ 3 ቢሊዮን ዶላር ከፈለ። በ2015 ነጻ ተመራማሪዎች ጥናት 329ን ከጥሬ መረጃው ተነሥተው እንደገና ጻፉት፤ መድኃኒቱ አይሠራም፣ ጉዳቱም ይበልጣል አሉ።

ነገር ግን ሳጥኑ ራሱ ጥያቄ ይዞ መጣ። ሐኪሞች ፈሩ፣ ወላጆች ፈሩ፣ ለልጆች የሚታዘዘው ክኒን ቀነሰ። በአሜሪካ የወጣቶች ራስን ማጥፋት ከ2003 እስከ 2004 በ14 ከመቶ ጨምሮ ነበርና በ2007 ሮበርት ጊበንስና ባልደረቦቹ ሁለቱን አያያዟቸው፤ ማስጠንቀቂያው ራሱ ገደለ የሚል ወሬም ተናፈሰ። ተቺዎች ግን ቀኑን ቆጠሩ፤ ጭማሪው በታየበት በ2004 አሜሪካ ውስጥ የክኒኑ ትእዛዝ ገና ይህን ያህል አልወረደም ነበር። ክርክሩ እስካሁን አልተዘጋም። እኛም አንዘጋውም፤ ሁለቱም ወገን የሚፈራው አንድ ነገር ነው፣ የልጅ ሞት።

በ2004 የታተመ በመንግሥት ገንዘብ የተሠራ ሌላ ጥናት 439 ወጣቶችን ይዞ ነበር። ፕሮዛክና የንግግር ሕክምና አንድ ላይ ካገኙት 71 ከመቶ፣ ፕሮዛክ ብቻ ከወሰዱት 61፣ ንግግር ብቻ ካገኙት 43፣ ማስመሰያ ከወሰዱት 35 ከመቶ ተሽሏቸዋል። (ሲሶው እንደገና መጣ፤ አቆዩልን ያልነው ለዚህ ነው። መታየትና መጠየቅ በራሱ የሚያሽለው ልጅ አለ።) በ2016 34 ሙከራዎችና 14 መድኃኒቶች ሲወዳደሩ ለልጆች ከማስመሰያው የተሻለው ፕሮዛክ ብቻ ሆኖ ተገኘ፤ በ2021 የወጣ ሌላ ግምገማ ደግሞ አብዛኞቹ አዳዲስ ክኒኖች የሚያመጡት ለውጥ ትንሽ ነው አለ። ለአገር ቤት አንባቢያችን ደግሞ፣ የዓለም ጤና ድርጅት በ2010 የአእምሮ ሐኪም ላልሆኑ ጤና ባለሙያዎች ያወጣው መመሪያ ዕድሜው ከ12 በታች ለሆነ ልጅ ፀረ-ድባቴ ክኒን አትስጡ ይላል።

ይህን ሁሉ ለአክስታችን በአንድ ስልክ መንገር ከባድ ነው፣ ካርዱም አይበቃም። ስለዚህ መጠየቅ ጀመርን። ክኒኑ የትኛው ነው? ፕሮዛክ ነው። የሚያነጋግራት ባለሙያ አለ? ስለሱ የተነሣ ነገር የለም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሐኪሙ መቼ መቼ ያያታል? ከወር በኋላ። “በሉ እነዚህን ሁለቱን ነገ ደውለው ይጠይቁ” አልናቸው፣ “ብልቃጡንም እርስዎ ያስቀምጡት፤ ከጀመረችም ሐኪሙን ሳያማክሩ በድንገት እንዳያስቆሟት።” ጻፍኩት አሉና ዘጉ።

ጠይቀዋል። ልጅቷ አሁን በየሳምንቱ ትታያለች፣ የምታነጋግራትም ሴት ተገኝታላታለች። ባለፈው እሑድ ስንደውል ስልኩን ያነሣችው እሷው ራሷ ናት።

“እማዬ ተኝታለች” አለችን።

እኩለ ቀን ነው። ማታ ማታ የልጃቸው ክፍል ወለል ላይ ፍራሽ አንጥፈው ሲያዳምጧት ስለሚያድሩ እንቅልፋቸውን የሚያገኙት ቀን ነው። ብልቃጡ ቦርሳቸው ውስጥ፣ ቦርሳው ትራሳቸው ሥር ነው አለችን። ትንሽ ሳቅ ብላ ነው የነገረችን።