ያለ ፍሬን የተገኘ ድል

ስፒድዌይ በሚባለው የሞተር ብስክሌት እሽቅድምድም አራት ተወዳዳሪዎች በአፈር ሜዳ ላይ አራት ዙር ይሮጣሉ፤ መታጠፊያው ሁሉ ወደ ግራ ነው። ሞተሩ አንድ ማርሽ እንጂ ፍሬን የለውም። ጉድ ነው! ነገር ግን ከፊት ያለው ድንገት ፍሬን ቢይዝ የኋላው ይወጣበት ነበርና ነገሩ ከእብደት የሚቆጠር አይደለም።

የስፖርቱ ወዳጆች ትዝታ ሲጨዋወቱ በ1973 እ.ኤ.አ. በፖላንድዋ ከተማ በሆዡፍ የተካሄደው የዓለም ፍጻሜ ሳይነሳ አይቀርም። ኒውዚላንዳዊው አይቫን ሞገር ያኔ አራት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል። ፖላንዳዊው የዢ ሽቻኬል ግን ከሁለት ዓመት በፊት በጎተንበርጉ ፍጻሜ አንዲት ነጥብ እንኳ ሳያገኝ የተመለሰ ሰው ነበር። ሁለቱ እኩል 13 ነጥብ ይዘው ጨረሱና ለብቻቸው እንዲለዩ ተደረገ። ሽቻኬል ቀደመ። ሞገር ሊያልፈው ሲጠጋ ወደቀ። ፖላንድም በአገሯ ሕዝብ ፊት የመጀመሪያውን የዓለም ሻምፒዮን አገኘች።

ዕድል ነው ያሉ ብዙ ነበሩ። ለእኔ ግን አይዋጥልኝም፤ የወደቀው ተከታዩ ነው፣ ፊተኛው ምን አጠፋ? ሞገር በ1977 እና በ1979 ተመልሶ ድሉን ስድስት አደረሰ። ሽቻኬል ዳግመኛ አልነገሠም፤ ቢሆንም ቶማሽ ጎሎብ በ2010 እስኪያሸንፍ ድረስ በፖላንድ ብቸኛው ሻምፒዮን እርሱ ነበር። ሞገር በ2018፣ ሽቻኬልም በ2020 አረፉ።