ልማት፣ ሥራና መከላከያ፦ የታንዛኒያ እቅድ ከወጣቱ ምን ጠየቀ?

የአንድ መንግሥት የልማት እቅድ በክፍል ውስጥ ሲጠና ብዙውን ጊዜ የሚነገረው ስለ ፋብሪካው ብዛት፣ ስለ መንገዱ ርዝመትና ስለ እህሉ ኩንታል ነው። እቅዱን በሥራ የሚተረጉመው ሰው ማን እንደ ሆነና ከእርሱም ምን እንደ ተጠየቀ ግን እምብዛም አይነሣም። ይህ ጽሑፍ ታንዛኒያ ከ1961 እስከ 1979 ያሳለፈችውን ታሪክ ምሳሌ በማድረግ ይህንኑ ጉዳይ ለማስረዳት ይሞክራል። ዓመታቱ «ዓ.ም.» ከተባሉት በስተቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ታንጋኒካ በዲሴምበር 9 ቀን 1961 ነጻነቷን ስታገኝ መሪዋ ጁሊየስ ኔሬሬ ነበሩ። ኔሬሬ ወደ ፖለቲካ ከመግባታቸው በፊት በዳሬሰላም አጠገብ በፑጉ ያስተምሩ ስለ ነበር ሕዝቡ እስከ ዕለተ ሞታቸው «ምዋሊሙ»፣ ማለትም «መምህር» ይላቸው ነበር። አገሪቱ ከቅኝ ገዢዋ የተረከበችው ሰፊ መሬት፣ የሲሳል ቃጫ፣ የጥጥና የቡና እርሻ ሲሆን፣ የተማረ ሰው ግን እጅግ ጥቂት ነበር። መሐንዲሱና ሐኪሙ ቀርቶ የጦር መኮንኑ እንኳ በአብዛኛው የውጭ አገር ሰው ነበር።

የዚህ ጉዳት ፈጥኖ የታየው በመከላከያ በኩል ነው። በጃንዋሪ 20 ቀን 1964 በዳሬሰላም አቅራቢያ በኮሊቶ ጦር ሰፈር የነበሩት ወታደሮች ደመወዛቸው እንዲጨመርና እንግሊዛውያን መኮንኖች በአፍሪካውያን እንዲተኩ በመጠየቅ አመፁ። መንግሥት አመፁን ለማብረድ የቀድሞ ቅኝ ገዢውን የእንግሊዝን ጦር ለመጥራት ተገደደ። ነጻነቱን ካወጀ ገና ሁለት ዓመት ለሆነው መንግሥት ይህ ትልቅ ውርደት ነበር። ስለዚህም አሮጌው ጦር ተበተነና በሴፕቴምበር 1964 አዲስ የሕዝብ መከላከያ ሠራዊት ተቋቋመ። ምልምሎቹም ከገዢው ፓርቲ ከታኑ የወጣቶች ማኅበርና ከብሔራዊ አገልግሎት የተውጣጡ ነበሩ።

ይህ ብሔራዊ አገልግሎት በ1963 የተቋቋመ ሲሆን በስዋሂሊ ስሙ «ጄሺ ላ ኩጄንጋ ታይፋ» ይባላል፤ ትርጉሙም «አገር ገንቢ ጦር» ማለት ነው። የመንግሥት ሦስት ዓላማዎች እዚህ ላይ ተገናኙ። ወጣቱ ወታደራዊ ሥልጠና ያገኛል፤ መሬት ያለማል፣ መንገድ ይሠራል፤ ሥራ ፈትቶ በከተማ ከመዞርም ይድናል።

በዚያው በ1964 የመጀመሪያው የአምስት ዓመት እቅድ ወጣ። እቅዱ እስከ 1980 ድረስ ሦስት ግቦችን አስቀመጠ፦ የነፍስ ወከፍ ገቢን ወደ 45 ፓውንድ ማድረስ፣ በሠለጠነ የሰው ኃይል ራስን መቻል፣ አማካይ ዕድሜን ወደ 50 ዓመት ከፍ ማድረግ። ዳሩ ግን ለእቅዱ የታሰበው ገንዘብ አብዛኛው ከውጭ የሚጠበቅ ነበር። ብዙም ሳይቆይ የሲሳል ዋጋ በዓለም ገበያ ወደቀ። ከምዕራብ ጀርመን ጋር በምሥራቅ ጀርመን ምክንያት አለመግባባት ተፈጠረ። በ1965 መጨረሻ ታንዛኒያ በሮዴሺያ ጉዳይ ከእንግሊዝ ጋር ግንኙነቷን ስታቋርጥ የ7.5 ሚሊዮን ፓውንድ ብድር ታገደ። በሰው ገንዘብ የታቀደ ልማት የሰውን ፈቃድ የሚጠብቅ መሆኑ በግልጽ ታየ።

እንግዲህ ገንዘብ ከታጣ የቀረው የሰው ጉልበትና እውቀት ነው። መንግሥት በ1966 ከፍተኛ ትምህርት የጨረሱ ወጣቶች ሁሉ ሁለት ዓመት በብሔራዊ አገልግሎት እንዲያሳልፉ ወሰነ። አምስት ወር በሠፈር ይሠለጥናሉ፤ የቀረውን ጊዜ በሙያቸው እየሠሩ ከደመወዛቸው መቶ እጅ አርባውን ብቻ ይቀበላሉ። ተማሪዎቹ ግን አልተቀበሉትም። በኦክቶበር 22 ቀን 1966 የተቃውሞ ሰልፍ አድርገው ወደ ቤተ መንግሥት ሄዱ። «ሚኒስትሮቹ ወፍራም ደመወዝ እየበሉ ከእኛ ለምን ይቆረጣል?» የሚል ነበር የቅሬታቸው ፍሬ ነገር። ከያዟቸው መፈክሮች አንዱ የቅኝ ግዛት ዘመን ይሻል እንደ ነበር የሚናገር ነበር።

ኔሬሬ በጣም ተቆጡ፤ ወደ 400 የሚጠጉ ተማሪዎች ከትምህርት ተባርረው ወደየቤታቸው ተላኩ። ነገር ግን የተማሪዎቹን ወቀሳ በቁጣ ብቻ አላለፉትም። የራሳቸውን ደመወዝ ከመቶ ሃያ ቀነሱ፤ የከፍተኛ ባለሥልጣኖቹም ደመወዝ ተቀነሰ። ከጥቂት ወራት በኋላ፣ በፌብሩዋሪ 1967፣ የአሩሻ መግለጫ ሲወጣ መሪዎች ቤት እንዳያከራዩ፣ የኩባንያ አክሲዮን እንዳይዙ፣ ሁለት ደመወዝ እንዳይቀበሉ ከለከለ። ባንኮችም ተወረሱ። በማርች «ራስን ለመቻል የሚሰጥ ትምህርት» የተባለው ጽሑፍ ወጥቶ ትምህርት ቤቶች የእርሻ ማሳ እንዲኖራቸው አዘዘ።

በአገራችንም ይህን የመሰለ ጥያቄ ተነሥቶ ነበር። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት እንዲያገለግሉ ይደረግ ነበር፤ ብዙዎቹም በክፍለ ሀገር አስተምረዋል። በ1967 ዓ.ም. ደግሞ 60 ሺህ ያህል ተማሪዎችና መምህራን በእድገት በኅብረት የእውቀትና የሥራ ዘመቻ ወደ ገጠር ተልከዋል። አንጋፋ መምህራን የዚያን ጊዜውን ክርክር ያስታውሱታል።

በታንዛኒያ ከዚያ በኋላ የሆነው ሁለት መልክ አለው። በ1967 ከሦስት አዋቂዎች ሁለቱ ማንበብና መጻፍ አይችሉም ነበር፤ በ1970ዎቹ ፊደል የመቁጠር ዘመቻ አብዛኛው ሕዝብ ማንበብ ተማረ። አማካይ ዕድሜም በ1980 ገደማ ወደ ታቀደው 50 ዓመት ተጠጋ። በሌላ በኩል ደግሞ በፈቃደኛነት የተጀመረው የኡጃማ መንደር ምሥረታ ከ1973 ጀምሮ ትእዛዝ ሆነ። በሚሊዮን የሚቆጠር ገበሬ፣ ብዙውን ጊዜ በግዴታ፣ ከቀዬው ተነሣ። በዚሁ ላይ ድርቅና የነዳጅ ዋጋ መወደድ ተጨምሮ አገሪቱ ብዙ እህል ከውጭ ለመግዛት ተገደደች።

መከላከያውም ተፈተነ። በ1978 መጨረሻ የኢዲ አሚን ጦር ከካጌራ ወንዝ በስተሰሜን ያለውን የታንዛኒያ ግዛት ያዘ። ታንዛኒያ ብሔራዊ አገልግሎቱንና ሚሊሺያውን ጠርታ ሠራዊቷን በብዙ እጥፍ አሳደገች፤ በኤፕሪል 11 ቀን 1979 ጦሯ ከኡጋንዳውያን ተቃዋሚዎች ጋር ካምፓላን ያዘ። ይህ ድል ግን 500 ሚሊዮን ዶላር ያህል እንዳስወጣ ተገምቷል። ያ ገንዘብ ለመለዋወጫ፣ ለመድኃኒትና ለማዳበሪያ ሊውል ይችል ነበር። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ፋብሪካዎቹ ከአቅም በታች ሲሠሩ፣ ሱቆቹ ባዶ ሲሆኑ የታየው ችግር በከፊል የዚህ ዕዳ ነበር። የግዴታ ብሔራዊ አገልግሎትም በ1994 ተቋርጦ በ2013 እንደገና ተጀምሯል።

ከዚህ ታሪክ ምን እንማራለን? ልማት፣ ሥራና መከላከያ በወረቀት ላይ በሦስት ምዕራፍ ይጻፋሉ፤ በሕይወት ግን ሦስቱም የሚጫኑት በአንድ ትከሻ ላይ ነው፤ ይኸውም በወጣቱና በገበሬው። ሸክሙ ከላይ ጀምሮ ሲከፋፈል ሕዝቡ ተሸክሞታል፤ የአሩሻን መግለጫ ብዙዎች በደስታ የተቀበሉት ስለዚህ ነው። ገበሬው ሳይጠየቅ ሲታዘዝ ግን እቅዱ ራሱ እህል አሳጣ።

መምህራን ይህን ለክርክር ቢያቀርቡት ጥሩ ነው። ግማሹ ክፍል ለ1966 ተማሪዎች፣ ግማሹ ለኔሬሬ ይቁም። ተማሪው ማን ትክክል እንደ ነበር በቀላሉ መወሰን ካቃተው፣ ትምህርቱ ገብቶታል ማለት ነው።