የዓለም ዩኒቨርሲቲዎች የክርክር ሻምፒዮና አዘጋጅ እንዴት ይመረጣል?

የዓለም ዩኒቨርሲቲዎች የክርክር ሻምፒዮና እ.ኤ.አ. በ1981 በስኮትላንድ ግላስጎው ተጀምሮ ከአገር ወደ አገር እየተዘዋወረ ይካሄዳል። አዘጋጁን የሚመርጠው የተሳታፊ አገራት ተወካዮች የሚገኙበት ምክር ቤት ነው። ለማስተናገድ የሚሹ ወገኖች ዕቅዳቸውን ያቀርባሉ፤ ተወካዮቹም ጠይቀው ድምፅ ይሰጣሉ።

የከተማ ውበት ብቻውን አያስመርጥም፤ ዋናው ጉዳይ የማስተናገድ አቅም ነው። በአንድ ክርክር ሁለት ሁለት ተናጋሪ ያላቸው አራት ቡድኖች ይገናኛሉ። ስለዚህ 400 ቡድኖች ቢመጡ በአንድ ጊዜ 100 ክፍሎች፣ ለየክፍሉም ዳኞች ያስፈልጋሉ። ለ800 ተከራካሪዎችና ለዳኞቹ ማደሪያ፣ ምግብና መጓጓዣ ሊሰናዳ ይገባል። ትልቅ ሠርግ የደገሰ ሰው የዚህን ክብደት ያውቀዋል። ቪዛ በወቅቱ ካልተሰጠ ደግሞ ዝግጅቱ ቢሟላም ተማሪው ከአገሩ አይወጣም። የምዝገባ ክፍያ ሲንርም አቅም የሌላቸው ዩኒቨርሲቲዎች ይቀራሉ።

ከአፍሪካ ለምሳሌ ስቴለንቦሽ በ1997፣ ቦትስዋና በ2011፣ ኬፕታውን በ2019 እ.ኤ.አ. አስተናግደዋል። ኢትዮጵያ እስካሁን አላስተናገደችም። ውድድሩ የሚውለው በአብዛኛው በፈረንጆች አዲስ ዓመት ሰሞን፣ በእኛ ታኅሣሥ ሁለተኛ አጋማሽ፣ ገበሬው እህሉን በሚወቃበት ወቅት ነው። ያኔ የብዙ አገራት ተማሪዎች በዕረፍት ላይ ሲሆኑ፣ የእኛ ግቢዎች በተለመደው የትምህርት ጊዜ በተማሪ የተሞሉ ናቸው። ከአገራችን ጥያቄ የሚያቀርብ ዩኒቨርሲቲ ቢኖር እንግዶቹን የት እንደሚያሳድር አስቀድሞ መወሰን ይኖርበታል።