ቤት መምቻው የሚናገረው፦ ዳንቴን በእንግሊዝኛ ትርጉም ማንበብ

ዳንቴ አሊጊየሪ ከትውልድ ከተማው ከፍሎረንስ እ.ኤ.አ. በ1302 ከተሰደደ በኋላ የጻፈው «መለኮታዊ ኮሜዲ» 14,233 ስንኞች አሉት። ስንኞቹ የተያያዙት ጣሊያኖች «ቴርዛ ሪማ» በሚሉት ስልት ነው። በሦስት በሦስት ይሄዳሉ፤ አንደኛውና ሦስተኛው እርስ በርስ ቤት ይመታሉ፤ መካከለኛው ደግሞ ለሚቀጥሉት ሦስት ስንኞች ቤት ያቀብላል።

የጣሊያንኛ ቃላት አብዛኞቹ በአናባቢ ስለሚያልቁ ለዚህ ስልት ይመቻሉ። እንግሊዝኛ ግን የጥንት መድረሻ ቅጥያዎቹን አብዛኞቹን ስለጣለ ቤት የሚመታ ቃል ያጥረዋል። ሎንግፌሎ በ1867 ባሳተመው ትርጉም ቤት መምታቱን ትቶ ቃሉን በቅርብ ተከተለ። ዶሮቲ ሴየርስ ሰንሰለቱን ሳትበጥስ ጀምራ በ1957 ስታርፍ፣ «ገነት» የተሰኘውን ክፍል ባርባራ ሬይኖልድስ ፈጽማ በ1962 ለንባብ በቃ። ክላይቭ ጄምስ በ2013 ግጥሙን በአራት በአራት ስንኝ አዋቀረው። ሮበርትና ጂን ሆላንደር ደግሞ ከ2000 እስከ 2007 ባወጡት ሥራ ነጻ ግጥም መርጠው ጣሊያንኛውን ፊት ለፊት አኖሩት።

በእነዚህ ትርጉሞች ላይ የሚነሣው ክርክር ብዙ ጊዜ «ውበት ይቅደም ወይስ ታማኝነት?» የሚል ነው። ጥያቄው ቤት መምታትን ከጌጥ ይቆጥረዋል። በዳንቴ ዘንድ ግን ቤት መምቻው የሐሳቡ አካል መሆኑን አንድ ቦታ ብቻ ወስዶ ማሳየት ይቻላል።

ቦታው የ«ገነት» 19ኛ ካንቶ ነው። በጁፒተር ሰማይ የጻድቃን ገዥዎች ነፍሳት በንስር ቅርጽ ተሰባስበው በአንድ አፍ ይናገራሉ። ገጣሚውን ለዓመታት ያስራበው ጥያቄ አለ፦ በኢንዱስ ወንዝ ዳር ተወልዶ ስለ ክርስቶስ የሚነግረው ያጣ፣ በምግባሩ ግን ነቀፋ የሌለበት ሰው ቢኮነን ፍትሑ የቱ ላይ ነው? ንስሩ፣ በክርስቶስ ሳያምን ወደዚህ የወጣ የለም ይላል፤ ይሁን እንጂ ስሙን ከሚጮኹት ብዙዎቹ በፍርድ ቀን፣ ከማያውቀው ሰው ይልቅ ከእርሱ እንደሚርቁ ያክልበታል። እዚህ ላይ ሦስት ስንኞች «ክሪስቶ» በሚለው ስም ያልቃሉ። ዳንቴ ይህን ስም ከሌላ ቃል ጋር አያገጥመውም፤ በስንኝ መድረሻ ባኖረባቸው አራት ቦታዎች ሁሉ ቤት የሚመታው ከራሱ ጋር ብቻ ነው።

ከሦስተኛው «ክሪስቶ» ቀጥሎ ያለው ስንኝ የሚያልቀው «ኤቲዮፔ» በሚለው ቃል ነው፤ እንዲህ ያሉትን ክርስቲያኖች ኢትዮጵያዊው ይኮንናቸዋል። ነገሩ በማቴዎስ ወንጌል 12ኛ ምዕራፍ በፍርድ ቀን የምትነሣውን ንግሥተ አዜብን ያስታውሳል። ኢትዮጵያዊው እዚህ የቆመው ክርስቶስን ላልሰማ ሩቅ ሕዝብ ምሳሌ ሆኖ ነው፤ አክሱም በዒዛና ዘመን፣ በ4ኛው ክፍለ ዘመን መጠመቋን የሚያውቅ አንባቢ ፈገግ ማለቱ አይቀርም። ቤት መምቻው ግን ሌላ ነገር ይናገራል። «ኤቲዮፔ» ቀድሞት ከመጣው «ፕሮፔ» ጋር ይገጥማል፤ ትርጉሙ «ቅርብ» ነው። ቀጥሎ ከሚመጣው «ኢኖፔ» ጋርም ይገጥማል፤ ይህ ደግሞ «ድኻ» ማለት ነው፤ የተነገረውም ለዘላለም ባዶ እጃቸውን ለሚቀሩት ነው። ሩቅ የተባለው ሰው በድምፅ ከቅርበት ጋር ተዛመደ፤ ድህነቱም ለሚኮንናቸው ተረፈ።

ሎንግፌሎ የክርስቶስን ስም በሦስቱም ስንኞች መድረሻ ላይ ጠብቆታል። ኢትዮጵያዊው ግን ወደ ስንኙ ሆድ ስለገባ፣ ከ«ቅርብ» እና ከ«ድኻ» ጋር የነበረው ዝምድና ጠፍቷል። ሰንሰለቱን ለማቆየት የሚሻ ተርጓሚም ሦስቱን ቃላት የሚያገጥም ድምፅ በእንግሊዝኛ አያገኝም።

ስለዚህ ጣሊያንኛ የማያውቅ አንባቢ የሁለቱን ቋንቋ ገጾች ጎን ለጎን የያዘ እትም ቢመርጥ ይጠቀማል። ግጥምን በቤት መድፊያው መስማት የለመደ የአማርኛ አንባቢ የእንግሊዝኛውን ፍቺ ከያዘ በኋላ ዓይኑን በማዶው ገጽ የስንኝ መድረሻዎች ላይ ቁልቁል ቢያወርድ፣ ፕሮፔ፣ ኤቲዮፔ፣ ኢኖፔ ራሳቸው ይጠራሩለታል።