ድርብ መስታወት

አሰላ ላይ የጭላሎ ተራራ ብርድ ሲወርድ ጋቢ እንደርባለን። «ደረበ» አንዱን በሌላው ላይ አደረገ ማለት ነው፤ መደረቢያም ከዚሁ ግስ ይወጣል። የመስኮት ሠሪዎች «ደብል ግላስ» የሚሉትን «ድርብ መስታወት» ብንለው ደስ ይለኛል፤ ተራው «ነጠላ መስታወት» ይባልልን።

ቃሉ አሠራሩንም ይናገራል። ጋቢ የሚያሞቀው በድርቦቹ መሃል አየር ስለሚይዝ ነው። በድርብ መስታወትም ብርዱን የሚመክተው በሁለቱ መስታወቶች መሃል የታሰረው፣ ብዙውን ጊዜ ከ12 እስከ 16 ሚሊሜትር የሚሰፋው ደረቅ አየር ነው። መስታወቶቹን የሚያራርቃቸው ውስጠ ክፍት የአሉሚኒየም ዘንግ ሆዱ ውስጥ እርጥበት የሚመጥ ፍሬ አለው፤ ጠርዙም ሁለት ጊዜ ይታሸጋል። ማሸጊያው ከለቀቀ ጭጋግ መሃል ይገባል፤ ያ ደግሞ ከውስጥም ከውጭም ቢወለውሉት አይጠራም።

አሰላ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች፤ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ቆላ ታሽጎ የመጣ ድርብ መስታወት እዚህ ሲደርስ የታሰረው አየር ይገፋዋል፤ ወደ ውጭ ይነፋል፣ ሊሰነጠቅም ይችላል። ስለዚህ በቀጭን ቱቦ ማስተንፈስ ወይም እዚሁ ደጋ ማሸግ ያስፈልጋል። ቤት የምትሠሩ የአርሲ ሰዎች፣ ከዋጋው በፊት «የት ታሸገ?» ብላችሁ ጠይቁ።